ዶሮዋ ከተጠበሰች በኋላ የጮኸችበት ከተማ

በሰሜን ስፔን፣ ተሳላሚዎች በእግር በሚጓዙበት መንገድ ላይ፣ ከናኼራ እስከ ሳንቶ ዶሚንጎ ደ ላ ካልሳዳ ያለው 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጤነኛ እግር ያለው ሰው በአምስት ሰዓት ይጨርሰዋል። እኔ ስምንት ሰዓት ፈጀብኝ። ከፓምፕሎና ከተነሣሁ ስድስተኛ ቀኔ ነበር፤ ግራ ተረከዜ ውኃ ከቋጠረ ደግሞ ሁለተኛ ቀኑ። ሎግሮኞ ላይ አብረውኝ ያደሩ አንዲት ኮሪያዊት እናት ቁስሉን በመርፌና በክር አፍስሰው፣ በፕላስተር ጠቅልለው፣ በእጃቸው ምልክት «ነገ ዕረፊ» ብለውኝ ነበር። እሺ አልኳቸውና በማግሥቱ ሄድኩ።

የመስከረም አጋማሽ ስለነበረ ቀይ አፈር ላይ የተሰለፈው ወይን ፍሬው ጠቁሮ ቅርንጫፉን አጎንብሶታል። ወደ ምዕራብ እየገፋሁ ስሄድ ግን ወይኑ እያነሰ መጣና ሜዳው ሁሉ የታጨደ የስንዴ ማሳ ሆነ። ሲሩዌኛ በምትባል መንደር ዳር የጎልፍ ሜዳ አለ፤ ዙሪያውን አዳዲስ አፓርታማዎች ተገጥግጠዋል፤ መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ እንኳ አይታይም። ከዚያ ቀጥሎ ካለው ጉብታ ላይ ስወጣ ነበር ከተማዋን ከሩቅ ያየኋት። ከሁሉም አስቀድሞ የታየኝ አንድ ቀጭን ረጅም የደወል ማማ ነው። ደረስኩ ብዬ ልቤ ቢረካም፣ ማማው ግን በአንካሳ እርምጃዬ አልቀርብ ብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደ ቆመ ቆየ።

ወደ ሳንቲያጎ የሚወስደው ይህ የተሳላሚዎች መንገድ ከፈረንሳይ ድንበር ከተነሡ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መድረሻው በስፔን ወግ የሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ አፅም አርፎበታል የሚባለው ካቴድራል ነው፤ በእኛ ስንክሳር ሚያዝያ 17 የሚታሰበው ያው ያዕቆብ ነው። እኔ ግን ሁሉንም ልጨርስ አልተነሣሁም፤ የያዝኩት የዓመት ፈቃድ አሥር ቀን ብቻ ነበር። ከመንገዱ ከተሞች ሁሉ አስቀድሜ ልደርስባት የፈለግኋት ሳንቶ ዶሚንጎ ስትሆን፣ ምክንያቱም ዶሮ ነው። በከተማዋ ካቴድራል ውስጥ፣ ቅዳሴው በሚካሄድበት በዚያው ጣሪያ ሥር፣ በሕይወት ያሉ አንድ ነጭ አውራ ዶሮና አንዲት ነጭ ሴት ዶሮ ይኖራሉ። እኔ የምኖረው ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ነው፤ የዶሮዎቹ ታሪክ የሚጀምረው ደግሞ ከእኛ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ከምትርቀው ከክሳንተን በተነሣ ቤተሰብ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን እንደ ቀልድ ከነገረኝ በኋላ ነው ነገሩ በአእምሮዬ የቀረው።

ሆኖም ወደ ዶሮዎቹ ከመሄዴ በፊት ስለ ሰውየው መናገር አለብኝ፤ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከእርሱ ነውና። ካልሳዳ ማለት የተነጠፈ ጎዳና ነው፤ ስለዚህ የከተማዋ ስም «የጎዳናው ቅዱስ ዶሚንጎ» እንደ ማለት ይሆናል። ዶሚንጎ ከዚህ ብዙም በማትርቅ ቪሎሪያ በምትባል መንደር በ1019 ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነቱ መነኩሴ ለመሆን ሁለት ገዳም ደጅ ጠንቶ፣ ቫልቫኔራም ሳን ሚያን ደ ላ ኮጎያም አልቀበልህም ብለው መልሰውታል። ከዚያ በኋላ በኦኻ ወንዝ ዳር በነበረው ጫካ ውስጥ ባሕታዊ ሆኖ ተቀመጠ። ተሳላሚዎች በዚያ ሲያልፉ ጫካው መንገድ ያሳጣቸው፣ ወንዙም ሲሞላ ያግዳቸው ነበር። ባሕታዊው ይህን እያየ ጸሎት ብቻ አላደረገም፤ ጫካውን መነጠረ፣ ከናኼራ እስከ ሬዴሲያ ድረስ ጎዳና አነጠፈ፣ በወንዙ ላይ ድልድይ ሠራ፣ ለታመሙና ለደከሙ መንገደኞች ማደሪያ አቆመ፣ ቤተ ክርስቲያንም ተከለ። ንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ በ1076 ይህን አገር ከያዘ በኋላ ሥራውን ደግፎታል። ዶሚንጎ ዕድሜው 90 ሲሆን በ1109 ዐረፈ፤ የተቀበረውም ራሱ በሠራው መንገድ ላይ ነበር ይባላል። ዛሬ የስፔን የመንገድ መሐንዲሶች ጠባቂያችን የሚሉት እርሱን ነው፤ በዓሉንም ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ በእነርሱ ሜይ 12 ቀን ያከብሩለታል።

አባቴ በሕይወት ዘመኑ የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ነበር። ጣርማ በርን ስናልፍ ከአውቶቡስ መስኮት አንገቱን አውጥቶ የውኃ መውረጃ ቦዩን ሲመረምር እናፍር ነበር። «መንገድ የሚታወሰው ሲበላሽ ነው» ይል ነበር፤ ሲያማርርም ሲኮራም ያችኑ ይደግማት ነበር። መንገድ በመሥራቱ ቅዱስ የተባለ ሰው እንዳለ ቢሰማ ምን እንደሚል አሰብኩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን ስለ ቅድስናው ሳይሆን ስለ ድንጋዩ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ።

ማደሪያዬ በዋናው መንገድ ላይ፣ በቅዱሱ ስም የሚጠራው ማኅበር የሚያስተዳድረው የተሳላሚዎች ቤት ነበር፤ ማኅበሩ ሥራውን በዶሚንጎ ዘመን እንደጀመረ ይናገራል። ዶሚንጎ የሠራው የቀድሞው ማደሪያ ግን ዛሬ ባለ ኮከብ ሆቴል ሆኗል፤ በበሩ ሳልፍ ባለ ጎማ ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች ሲገቡ አይቼ ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ ቅሬታዬ ምናልባት ከእግሬ ሕመም የመጣ ሊሆን ይችላል። በእኛ ማደሪያ እንግዳ ተቀባዩ ነጭ ጺም ያላቸው በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌ ነበሩ። የመንገደኛ ደብተሬ ላይ ማኅተም መቱና፣ አካሄዴን አይተው ምንም ሳይጠይቁኝ ወደ ጓሮ ሄደው ለብ ያለ ውኃ ከጨው ጋር በፕላስቲክ ሳፋ አመጡልኝ። እግሬን ስነክር ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጨው ነው። አገሬን ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው «አቢሲኒያ!» አሉና ሳፋውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ካቴድራሉ መሠራት የጀመረው በ1158 ነው። የዶሮዎቹ ቆጥ የቅዱሱ መቃብር ትይዩ፣ ከሰው ቁመት እጅግ ከፍ ብሎ በግድግዳው ውስጥ አለ። ቆጥ ማለቴ ያሳፍራል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ የተቀረጸ፣ ባለ ወርቅ ቅብ ፍርግርግ፣ ውስጡ መብራት የበራበት ትንሽ ጸሎት ቤት የሚመስል ነገር ነው። ነጯ ዶሮ አንድ እግሯን በሆዷ ላባ ውስጥ ሸጉጣ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። አውራው ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ከጭራው ላባ አንዱ በፍርግርጉ ቀዳዳ ወጥቶ ይታያል፣ በተነፈሰ ቁጥርም ይንቀጠቀጣል። ከታች ሃያ የምንሆን ሰዎች አንጋጠን ቆመናል። አውራ ዶሮው ሲጮኽ የሰማ ተሳላሚ መንገዱ ይቀናዋል ስለሚባል ማንም አይሄድም። አንድ ጎልማሳ ትዕግሥቱ አልቆ ራሱ እንደ ዶሮ ጮኸ፤ ዘበኛው ጣቱን አፉ ላይ አደረገ፤ አውራው ዞር ብሎም አላየው። ወፎቹ በየጊዜው በሌላ ጥንድ ይተካሉ፤ ተረኞቹም ዕረፍታቸውን የሚያሳልፉት በእኛው ማደሪያ ጓሮ ነው። ይህ ልማድ የቆየ ለመሆኑ ማስረጃ አለው፤ በ1350 በፈረንሳይዋ አቪኞን የተጻፈ ሰነድ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ስለሚኖሩት አውራና ሴት ዶሮ ያነሣል፤ ይህም ማለት ወፎቹ ከዚህ ቆጥ ይቀድማሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከክሳንተን የተነሡ ባልና ሚስት ሁጎኔል የሚባል የ18 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ ሳንቲያጎ ሲሄዱ በዚህች ከተማ ያድራሉ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ልጅ ወጣቱን ትወደዋለች፤ ፊት ሲነሣት ቂም ይዛ የብር ጽዋ በጓዙ ውስጥ ትደብቅና ጠዋት ሲወጡ «ሌባ!» ብላ ታስይዘዋለች። ጓዙ ተፈተሸ፣ ጽዋው ተገኘ፣ ልጁ ተሰቀለ። ወላጆቹ እያለቀሱ ጉዟቸውን ቀጠሉ። ከሳንቲያጎ ተመልሰው ሲመጡ ልጃቸው እንደ ተሰቀለ በሕይወት አገኙት፤ ቅዱስ ዶሚንጎ እግሩን ከሥር ደግፎ ይዞት ኖሯል። ሮጠው ወደ ዳኛው ቤት ገቡ። ዳኛው ማዕድ ቀርቦለት ነበርና «ልጃችሁ በሕይወት ካለማ እነዚህ የተጠበሱ ዶሮዎችም በሕይወት አሉ» ብሎ አላገጠ። ዶሮዎቹ ላባ አውጥተው ከሳህኑ ተነሥተው ጮኹ። ስፔናውያን ከተማዋን እስከ ዛሬ ሲጠሯት «ዶሮዋ ከተጠበሰች በኋላ የጮኸችባት» እያሉ በግጥም ነው።

ከካቴድራሉ እንደወጣሁ እናቴን ደወልኩላት፤ ደብረ ብርሃን ላይ መሽቶ ነበር። የቀረጽኩትን ቪድዮ አስቀድሜ ልኬላት ነበርና ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«በስመ አብ! ቤተ መቅደስ ውስጥ ዶሮ? ኩሱን ማን ይጠርግላቸዋል?»

«የሚጠርግ ሰው አላቸው፣ እማዬ።»

«ደግሞ ሴቷ ነች የጮኸችው ያልሽኝ? ሴት ዶሮ ስትጮኽ ደግ አይደለም፤ የእኔ እናት ብትሆን በዚያው ቀን ታርዳት ነበር።»

«ታርዳ፣ ተጠብሳ ነው የጮኸችው።»

ታሪኩን መተረክ ጀመርኩ። ዳኛው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ዶሮው ፊቱ እንደቀረበ ስደርስ ግን አቋረጠችኝ፤ ድምጿም ተለወጠ። «ይኼማ የዶርሆ ነው» አለችኝ። «የጸሎተ ሐሙሱ።»

እንዴት እንደረሳሁት እስካሁን ይገርመኛል። በሰሞነ ሕማማት፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ዶርሆ ነው። ልጅ ሆነን ከስግደቱ ብዛት ጉልበታችን ተንቀጥቅጦ፣ ቤት የሚጠብቀንን ጉልባን እያሰብን፣ በግዕዙ መሐል ያችን ዶሮ ስንሰማ ብቻ ነበር የምንነቃው። ታርዶ፣ ተሠርቶ፣ በስምዖን ቤት ማዕድ ላይ የቀረበውን አውራ ዶሮ ጌታ ዳሰሰውና ሕያው ሆኖ ተነሣ፤ ይሁዳን ተከትለህ ሂድ አለው። ዶሮው ኢየሩሳሌም ድረስ ተከትሎት ይሁዳ ያደረገውን አይቶ ተመለሰና በሰው አንደበት ሁሉንም ተናገረ፤ ስለዚህም ወደ ሰማይ ወጣ። ይህ መጽሐፍ ዛሬ ተጠብቆ የሚገኘው በግዕዝ ነው። እናቴ በስልክ ይህን ስታስታውሰኝ እኔ ከካቴድራሉ ትይዩ ካለው ማማ ሥር፣ ጫማዬን አውልቄ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሁለቱ ታሪኮች አንዱ ከሌላው ተቀድቷል እያልኩ አይደለም፤ እንዲያ ለማለት የሚያበቃ ነገር የለኝም። ነገር ግን ሁለቱም ዘንድ ዶሮው የሚነሣው ለምስክርነት ነው። የእኛው ተነሥቶ የወንጀለኛውን ሥራ ያጋልጣል፤ የእነርሱ ተነሥቶ ንጹሑን ነፃ ያወጣል። የእኛው ይሁዳን ተከትሎ ከማዕዱ ይወጣል፤ የእነርሱ ማዕዱ ላይ እንዳለ ዳኛውን አፉን ያስይዛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ሳስብ የስፔኑ ሳይከብድ አይቀርም እላለሁ፤ ምክንያቱም ይሁዳ ማን እንደሆነ ሁላችንም አስቀድመን እናውቃለን፣ ያ ዳኛ ግን ጽዋው በጓዝ ውስጥ መገኘቱን ብቻ አይቶ ፈረደ፤ ማን ከተተው ብሎ አልጠየቀም።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ይህች ከተማ ለመንገደኛ የተሠራች ናት፤ መሥራቿ ዕድሜውን ሙሉ የደከመው የመሸበት እንግዳ እንዳይጠፋ ነው። አሁን ይህችው ከተማ ስለ ራሷ የምትተርከው የእግዜር እንግዳን በሐሰት ከሳ እንደ ሰቀለች ነው። የተሰቀለበት ግንድ ነው የሚባል እንጨት እንኳ ካቴድራሉ ውስጥ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ይታያል። በየዳቦ ቤቱ መስኮት «የተሰቀሉት» በሚል ስም የሚሸጥ፣ የባሕር ዛጎል ቅርጽ ያለው ጣፋጭ አለ፤ መሐሉ ላይ ተሰቃዩ ልጅ ይታያል። አንዱን ገዝቼ በላሁ፤ ለውዝ ለውዝ ይላል፤ ጥፋትን ጋግሮ መሸጥ ምን ዓይነት ድፍረት ነው እያልኩ ሁለተኛውን ገዛሁ።

የሚያስገርመው ደግሞ ጥፋቱ መጀመሪያ የእነርሱ አለመሆኑ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈውና ስለ ያዕቆብ ተአምራት በሚተርከው ኮዴክስ ካሊክስቲኑስ ውስጥ ይኸው ታሪክ አለ፤ ነገር ግን ቦታው የፈረንሳይዋ ቱሉዝ ናት፣ ዓመቱም 1090 ነው፤ ልጁን ደግፎ ይዞ 36 ቀን ያቆየው ራሱ ያዕቆብ ነው፤ ዶሮ የሚባል ነገርም የለም። ጽዋውን የደበቀውም የሴት ልጅ ፍቅር ሳይሆን የእንግዶቹን ገንዘብ የተመኘው የማረፊያው ባለቤት ነው። እኔ ይህኛውን አምናለሁ፤ ልታምኑኝ አትገደዱም፤ ነገር ግን ስግብግብ ባለ ሆቴል በየመንገዱ ይገኛል፣ ስሟ እንኳ ያልተጻፈላት ልጅ ላይ ጣት መቀሰር ደግሞ ለተራኪ ሁልጊዜም ይቀላል። ያም ሆነ ይህ ሳንቶ ዶሚንጎ የሌላ ከተማን ነውር ወስዳ የራሷ አደረገችው፤ ዶሮ ጨመረችበት፤ ከዚያም በወርቅ ፍርግርግ ውስጥ አስቀምጣ በየቀኑ እህል ትሰጠዋለች። ቱሉዝ ዘንድ ምን እንደቀረ አላውቅም፤ እዚህ ግን ታሪኩ ይተነፍሳል።

ሌላውን በጥድፊያ ነው ያየሁት። ዳሚያን ፎርሜንት ከ1537 እስከ ሞተበት እስከ 1540 የሠራው ታላቅ የመሠዊያ ቅርጽ አለ፤ በ1994 ከመሠዊያው ጀርባ ተነሥቶ ወደ ጎን ተዛውሯል፤ በዚህም የተነሣ ከኋላው ተሸፍኖ የነበረው ጥንታዊ ግንብ ተገለጠ። ቅርጹ ውስጥ ቅዱሳኑ ብቻ ሳይሆኑ የባሕር ጭራቆችም አሉ፤ ቆሞ ለማየት ሁለት ጤነኛ እግር ይፈልጋል። በአንድ ጥግ ቅዱሱ ጫካውን የመነጠረበት ነው የሚባል ማጭድ ተሰቅሏል። ማማው ከካቴድራሉ ተለይቶ መንገድ ተሻግሮ ለብቻው የቆመ ነው፤ በ1760ዎቹ የተሠራ ሲሆን ቁመቱ ወደ 70 ሜትር ይደርሳል፤ በዚህ ዓይነት ተገንጥሎ የቆመው ከሥሩ ውኃ የማያስቸግርበት ጠንካራ መሬት ተፈልጎለት ነው ይላሉ። አባቴ ቢኖር ይህን ምክንያት ከዶሮው ተአምር ይልቅ ደስ ብሎት ይሰማው ነበር። እኔ ደረጃውን አልወጣሁም።

ሌሊቱን አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ፣ የማላውቃቸው ሰዎች እያንኮራፉ ተኛሁ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጓሮው ውስጥ አንድ አውራ ዶሮ ጮኸ፤ ሁለተኛ ጮኸ፤ ሦስተኛ ጮኸ። ከላይኛው አልጋ አንድ ሰው በጀርመንኛ ተራገመ፤ ሌላው ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። እኔ ግን ካቴድራል ውስጥ አንድ ሰዓት ቆሜ ያላገኘሁትን ነገር እዚህ ተኝቼ እያገኘሁት ሳቄ መጣ። ቁርስ ላይ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው፦ በተራው ዕረፍት ላይ ያለ አውራ ዶሮ ቢጮኽ ይቆጠራል ወይ? አሰቡ፤ ከልባቸው አሰቡ። ከዚያ «ቀኝ እግርሽ ከሆነ አዎ፣ ግራሽን ግን አልዋስም» አሉኝ፤ አዲስ ፕላስተርም ሰጡኝ።

ገና ሳይነጋ ወጣሁ። ከከተማዋ ማብቂያ ላይ ድልድዩ አለ፤ ዶሚንጎ ሲሠራው 24 ቅስት ነበረው ይባላል፤ ዛሬ ያለው ብዙ ጊዜ ፈርሶ ታድሶ የቆመ ነው። ኦኻ ወንዝ በመስከረም ወንዝ ለመባል ያሳፍረዋል፤ ነጭ ድንጋይ ነው፣ በመሐል የምትቀጥን ውኃ አለች። ጠርዙ ላይ ተደግፌ እንደ አባቴ አንገቴን አውጥቼ ወደ ታች አየሁ። ቅስቶቹን ልቆጥር ፈልጌ ነበር፤ ከላይ ሆኖ ቅስት እንደማይቆጠር የገባኝ ግን ግማሽ ላይ ስደርስ ነው። አንድ የጭነት መኪና ነፋሱን እየበተነ በአጠገቤ አለፈ፤ ድልድዩ ትንሽ ነዘረ። ወደ ግራኞን ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረኝ ነበር።